በባዕድ ቋንቋ የሚነገር በደል

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ የነገረን የእውነቱን ግማሽ ነው። የተወጋው እንደማይረሳ አስታወቀን እንጂ ይናገር አይናገር እንደሆነ አላወሳም። ላለመርሳት ልብ ብቻውን ይበቃል። ለመናገር ግን ቃል ያስፈልጋል፤ ያውም ሰሚው የሚያውቀው ቃል። በልጆች ዓለም ውስጥ በየቀኑ የሚፈጸመው በደል፣ ትልቁ በትንሹ ላይ መነሣቱ፣ ብዙዎቹ በአንዱ ላይ ማበራቸው ተሸፋፍኖ የሚቀረው ልጁ ስለረሳው አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚነግርበት ቃል ስለሚያጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ ቡራዩ ውስጥ በአንድ የማጠናከሪያ ትምህርት ክፍል ያየሁት ጥቁር ሰሌዳ ነው። መምህሩ ስምንት የእንግሊዝኛ ቃላት ደርድሮበታል፤ ቡሊ፣ ቲዝ፣ ሞክ፣ ትሬትን፣ ኤክስክሉድ፣ ሩመር፣ ቪክቲም፣ ባይስታንደር። ተማሪዎቹ ፍቻቸውን በየደብተራቸው፣ በየቋንቋቸው ይጽፋሉ። ማብሸቅ፣ ማላገጥ፣ ማስፈራራት፣ ማግለል፣ አሉባልታ እያሉ መካከለኞቹን ያለ ብዙ ድካም ተወጧቸው። በመጀመሪያው ቃል ላይ ግን ተለያዩ። አንዱ «ጉልበተኛ» አለ። ሌላዋ «ዱርዬ» ብላ ጻፈች። ሦስተኛው «ክፉ ልጅ» አለ። በኦሮምኛ የሚጽፈው ደግሞ «ዶርሲሳ» ብሎ አሰፈረ፤ አስፈራሪ ማለቱ ነው። መምህሩ አራቱንም ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ቃል አለፈ። በፈተና የሚመጣው እንግሊዝኛው ስለሆነ አይፈረድበትም። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቃል አላለፍኩም። አራት ልጆች በአራት መንገድ የሚፈቱት ነገር ገና ስም አልወጣለትም ማለት ነው።

የፈረንጁስ ቃል ከየት መጣ?

ቡሊ የሚለው ቃል የዛሬ ትርጉሙን ይዞ አልተወለደም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ፍቅረኛ፣ ውድ ማለት ነበር፤ የቋንቋ ሊቃውንትም ምንጩን ከሆላንዶች ቋንቋ ያደርሱታል። ሼክስፒር በ1590ዎቹ በጻፈው የመካከለኛው በጋ ሌሊት ሕልም ተውኔት ውስጥ ቦተም የተባለውን ሸማኔ ጓደኛው በዚህ ቃል ይጠራዋል። ስድብ አልነበረም፤ «የኛ ጎበዝ» እንደማለት ያለ አጠራር ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ቃሉ ወደ ፎካሪና ጉራ ነፊ ወረደ። ከዚያም ደካማ ፈልጎ የሚያጠቃ ሰው መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ውዱ ጎበዝ ሆነ፣ ጎበዙ ፎካሪ፣ ፎካሪው በዳይ። የአንድ ቃል ታሪክ አንዳንድ ጊዜ የአንድ ሰው ታሪክ ይመስላል።

ቃሉ የትምህርት ቤት መልክ ይዞ በሰፊው የታወቀው ቶማስ ሂዩዝ በ1857 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የቶም ብራውን የትምህርት ቤት ዘመን በተሰኘው ልቦለድ ነው። ታሪኩ ራግቢ በተባለው የእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚፈጸም ሲሆን፣ ፍላሽማን የሚባለው ትልቅ ልጅ ትንሹን ቶምን ከጓደኞቹ ጋር ይዞ እሳት ዳር ያቃጥለዋል። በዚያን ዘመን በነዚያ ትምህርት ቤቶች ታላቁ ታናሹን እንደ አሽከር ማዘዙ የታወቀ ሥርዓት ነበር። መከራው ልጁን ወንድ ያደርገዋል ተብሎም ይታመን ነበር። ነገሩ ለኛም ጆሮ እንግዳ አይደለም። እነዚያው እንግሊዞች ዱላና ድንጋይ አጥንት ቢሰብሩም ቃል ግን እንደማይጎዳ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩበት አሮጌ የልጆች ግጥም አላቸው። የኛ ሰው በዚህ በኩል ቀድሞ የነቃ ይመስለኛል፤ ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል ብሏልና።

እንግሊዝኛ ወደኛ ሲመጣ

የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፣ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈቱ እንግሊዝኛ የዛሬውን ያህል አልገነነም ነበር። ከጣልያን ወረራ በፊት ዘመናዊ ትምህርት የቀመሰው ኢትዮጵያዊ በአብዛኛው የሚቀናው ፈረንሳይኛ ነው። ሚዛኑ የተገለበጠው በ1933 ዓ.ም. አገሪቱ ነፃ ስትወጣና የእንግሊዝ ጦር አብሮ ሲገባ ነው። ከዚያ ወዲህ የመማሪያ መጽሐፉም፣ የውጭ አገር መምህሩም፣ ፈተናውም እየዋለ እያደረ ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። ዛሬ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ የሚሄደው ታክሲ የሚያልፍበት ዊንጌት ሠፈር ስሙን ያገኘው በ1930ዎቹ መጨረሻ ከተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱም የተሰየመው በ1933ቱ ዘመቻ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በጎጃም በኩል በገባው እንግሊዛዊ መኮንን ነው። በረዳት ጩኸት «ዊንጌት፣ አስኮ፣ ቡራዩ» እየተባለ ሲሄድ የዚያ ዘመን ታሪክ አብሮ ይጠራል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲያደርግ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት አስገባው። ከዚያ በፊት በመላ አገሪቱ ልጁ እስከ ስድስተኛ ክፍል በአማርኛ ተምሮ ከሰባተኛ ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገር ነበር። ከፖሊሲው ወዲህ ግን አዲስ አበባን የከበቡት ከተሞች ለየት ያለ መልክ ያዙ። በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ማለት ነው፣ በአንድ አጥር የሚዋሰኑ ልጆች በተለያየ ቋንቋ የሚማሩባቸው ቦታዎች ሆኑ። በኦሮምያ ሥርዓት የሚማረው ልጅ ሒሳቡንና ሳይንሱን እስከ ስምንተኛ ክፍል በኦሮምኛ ሲማር፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ የሚማረው የጎረቤቱ ልጅ እስከ ስድስተኛ በአማርኛ ተምሮ በሰባተኛ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ወላጁ አቅም ያለው ደግሞ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ታቅፎ ይውላል።

በነዚህ ከተሞች የልጆች መተነኳኮስ አንድ ተጨማሪ ሰበብ አለው። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ገፍቶት ሰበታ የገባው ቤተሰብ ልጅ ኦሮምኛው ሲሰባበር ይሳቅበታል። ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ የመጣው ልጅ በአማርኛ ቅላጼው ይሳቅበታል። ሸማኔ ወይም የቀን ሠራተኛ አባቱን ተከትሎ ከደቡብ የመጣው በሁለቱም ይሳቅበታል። ሦስቱም እኩል የሚንተባተቡበት ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ ነው። የማንም ስላልሆነ ማንም አያፍርበትም። ለዚህም ይመስለኛል አንዳንድ ልጅ በእናቱ ቋንቋ የማይደፍረውን ነገር በእንግሊዝኛ የሚጽፈው።

የአንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ልጥቀስ። አባቷ ወዳጄ ነው፤ የሚኖሩት ሰበታ ነው። «ትምህርት ቤቴ» በሚል ርእስ በእንግሊዝኛ እንድትጽፍ ታዛ ስለ ግቢው ዛፎችና ስለ ባንዲራው ምሰሶ ከጻፈች በኋላ፣ ትልልቅ ሴቶች ልጆች በየቀኑ እንደሚያስፈራሯት፣ በስሟ ፈንታ ሌላ ስም እንዳወጡላት፣ በእረፍት ሰዓት ምሳዋን ብቻዋን እንደምትበላ በሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ገልጻለች። ቀይ እስክሪብቶው አንድ የግስ መድረሻና አንድ የፊደል ግድፈት አርሟል። ከግርጌው ከ10 8፣ ቀጥሎም «ጥሩ ነው» የሚል አለበት። አባትየው እንግሊዝኛ አያነብም። ምን እንደጻፈች ስነግረው ደንግጦ፣ «ለኔ ምንም አልነገረችኝም እኮ፤ ልጄ ጨዋ ናት» አለኝ።

የኛ ቃላት

«ጨዋ» የሚለው ቃል በኛ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ጨዋ ልጅ ማለት የታረመ፣ የተገራ ልጅ ነው፤ ግን ደግሞ ዝም የሚል ልጅ ነው። የደረሰበትን የሚናገር፣ ታላቁን ቀና ብሎ አይቶ «ይህ ትክክል አይደለም» የሚል ልጅ «ደፋር» ይባላል። ደፋር ለአርበኛ ሲሆን ሙገሳ፣ ለልጅ ሲሆን ተግሣጽ ነው። «ኃይለኛ» ደግሞ በተቃራኒው ነው። ወላጆች «ኃይለኛ አስተማሪ ነው» ሲሉ ልጃቸውን በሱ ክፍል ለማስመደብ እየፈለጉ እንጂ እየነቀፉ አይደለም። እንግሊዝኛ ሌላውን ለማጥቃት የሚንደረደረውን «አግረሲቭ»፣ ሌላውን ሳይጎዳ መብቱን የሚናገረውን «አሰርቲቭ» ብሎ ይለያቸዋል። እኛ የመጀመሪያውን አንዳንዴ በኃይለኛ እናሞግሰዋለን፤ ሁለተኛውን አንዳንዴ በደፋር እንገሥጸዋለን። ልጁ ከዚህ ምን እንደሚማር መገመት አያዳግትም።

ከሁሉ የከበደው ግን «ጥቃት» የሚለው ቃል ነው። አማርኛ ለዚህ ነገር ቃል አጥቷል ማለት አልችልም፤ ማጥቃት፣ መጠቃት፣ አጥቂ፣ ተጠቂ እያለ በአንድ ግንድ ላይ ሙሉ ዘር አብቅሏል። ችግሩ ሌላ ነው። ጥቃት በታሪካችን የጦር ሜዳና የክብር ቃል ሆኖ ኖሯል። ሽለላውና ፉከራው ያጠቃውን እንጂ የተጠቃውን አይዘክርም። «ጥቃት አይወድም» መባል የጀግና ምስክር ነው። ስለዚህም «ተጠቃሁ» የሚል ሰው በዳዩን ከመክሰሱ በፊት ራሱን ያዋርዳል። በዚህ ቃል ፊት ሁለት መንገድ ብቻ ተከፍቷል፤ መበቀል ወይም መደበቅ። ተመትቶ እያለቀሰ የመጣ ልጅ «አንተስ እጅ የለህም?» የሚባልበት ቤት ጥቂት አይደለም። ሦስተኛው መንገድ፣ መንገርና መሰማት፣ በቃሉ ውስጥ አልተጠረገም። ያቺ የሰበታ ልጅ በእንግሊዝኛ ያገኘችው ይህን ሦስተኛ መንገድ ይመስለኛል። ቡሊ የሚለው ቃል እፍረቱን በበዳዩ ላይ ይጥላል። መንገዱን ስታገኝ ግን በመጨረሻው ላይ የሚጠብቃት ሰው አልነበረም።

በትምህርት ቤት የልጅ ሰውነት የተጠበቀ እንዲሆን የሚለው ሐሳብ ራሱ ለኛ የቅርብ ጊዜ ነው። ከቄስ ትምህርት ቤት እስከ ዘመናዊው ድረስ አለንጋው፣ ኩርኩሙና ቁንጥጫው የትምህርት አካል ሆነው ኖረዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋሞች ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደነገገ። ድንጋጌው ታላቅ ነው፤ ግን የሚናገረው ስለ ቅጣት፣ ማለትም አዋቂ በልጅ ላይ ስለሚያነሣው እጅ ነው። ልጅ በልጅ ላይ የሚያደርገው «የልጆች ነገር» ተብሎ ይታለፋል።

አማርኛ ከእንግሊዝኛው የበለጠ ሀብታም የሆነበት ቦታም አለ። ሰሌዳው ላይ መጨረሻ የተጻፈው ባይስታንደር ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ማለት ነው። እኛ «ተመልካች» ብለን ማለፍ እንችላለን፤ ነገር ግን እንግሊዝኛ በአንድ ቃል በቀላሉ የማይደርስበት «ገላጋይ» የሚባል ሰው አለን። ገላጋይ ያልተጠራ፣ ዘመድም ዳኛም ያልሆነ፣ በሁለት ተጣይ መካከል ገብቶ «ተው!» የሚል መንገደኛ ነው። ሴት ስትወልድ «ተገላገለች» የምንለውም ከዚሁ ግንድ ነው፤ ከጭንቅ መውጣት ማለት ነውና። ታዲያ ገላጋይ የሚደርሰው ጸብ ሲኖር ነው። ጸብ ደግሞ ድምፅ አለው። ምሳዋን ብቻዋን የምትበላ ልጅ ዘንድ ጸብም ጩኸትም የለም፤ አንደኛው ወገን ዝም ብሏል። ገላጋይ የማይመጣውም ለዚህ ነው። ይልቁንም «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» እንደተባለው ሌላውም ይጨመርባታል።

ከሰበታ የሚገኝ ትምህርት

ቃል ለዘመናት የተሸከመውን እፍረት ሊያራግፍ ይችላል ወይ? ይችላል፤ ምስክሩም ሩቅ አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተቋቋመው የሰበታው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት «መርሐ ዕውራን» ይባላል። ስሙ የግዕዝ ነው፤ የዕውራን መሪ ማለት ነው። ስሙ ሲወጣ «ዕውር» የሚለው ቃል የነገሩ ተራ መጠሪያ ነበር። ዛሬ አንድን ሰው በአደባባይ ዕውር ብሎ የሚጠራ ጋዜጣም፣ መምህርም፣ መሥሪያ ቤትም የለም። «ዓይነ ስውር» ተብሏል። «ደንቆሮ» ይባል የነበረውም «መስማት የተሳነው» ሆኗል። ለውጡ የቃል ጨዋታ ነው ብለው የሚያፌዙ አሉ። እኔ በበኩሌ እንዲህ አላየውም። ዕውርና ደንቆሮ በሠፈር ልጆች አፍ ስድብ ነበሩ፤ ዛሬም ደንቆሮ የሚለው ቃል ጅል ለማለት ያገለግላል። ልጅን በአካሉ ጉድለት መጥራት ነውር መሆኑን ኅብረተሰቡ የተማረው አዲስ ቃል ሲሰጠው ነው። ልማዱ ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን ቢያንስ የሚያፍረው ተሰዳቢው ብቻ መሆኑ ቀርቶ ተሳዳቢውም እንዲያፍር ሆኗል።

ስም መስጠት ወደ ሥራ የሚያደርስ ለመሆኑ የሌላው ዓለም ታሪክም ይመሰክራል። በስዊድን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ፒተር ፖል ሄይንማን የተባለ ሐኪም ልጆች መንጋ ሆነው በአንዱ ላይ የሚነሡበትን ነገር ስለ እንስሳት ይነገር በነበረ ቃል «ሞብኒንግ» ብሎ ጻፈበት። በ1973 ደግሞ ዳን ኦልቬውስ የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር የጥናት መጽሐፉን አወጣ። ነገሩ ከተራ ጸብ የሚለይባቸውን ሦስት ምልክቶችም አስቀመጠ፤ ሆን ተብሎ የሚደረግ፣ የሚደጋገም፣ ጉልበታቸው በማይመጣጠን ልጆች መካከል የሚፈጸም። በአጋጣሚ በዚያው በ1973 የዶክተር አምሳሉ አክሊሉና የሞዝባክ የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት አዲስ አበባ ላይ ታትሟል። እነሱ ነገሩን ሲመዝኑ እኛ ቃሉን እንፈታ ነበር ማለት ነው።

በ1982 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በሰሜን ኖርዌይ ሦስት ወንዶች ልጆች ሕይወታቸውን አጠፉ፤ ከጀርባው የእኩዮቻቸው ማሠቃየት ሳይኖር እንዳልቀረ ታመነ። በዓመቱ መንግሥት አገር አቀፍ ዘመቻ ከፈተ። ኦልቬውስ በበርገን ከተማ ወደ 2,500 የሚጠጉ ተማሪዎችን ተከታትሎ ድርጊቱ ወደ ግማሽ ያህል መቀነሱን አሳየ። ጃፓኖች ደግሞ የውጭ ቃል ሳይዋሱ «ኢጂሜ» በሚለው በገዛ ቃላቸው ተከራክረውበት በ2013 እ.ኤ.አ. ሕግ አወጡለት። ስዊድኖች ተውሰዋል፣ ጃፓኖች አልተዋሱም። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ቃሉን መምህሩም፣ እናቲቱም፣ ሱቅ ጠባቂውም በእኩል ማወቃቸው ነው።

ለኛም መዋስ አለመዋሳችን ዋናው ጉዳይ አይመስለኝም። ልጆቻችን እንግሊዝኛውን ይማሩ፤ ለፈተናም ለዓለምም ያስፈልጋቸዋል። ነገር ግን ሰሌዳው ላይ ያለው ቃል በዚያው ክፍል በአማርኛና በኦሮምኛ ተፈትቶ፣ ልጆቹም ተከራክረውበት አንድ ስም ይዘው ወደ ቤት ቢገቡ ከአንድ የፈተና ጥያቄ የበለጠ ዋጋ አለው። «ጥቃት» ከጦር ሜዳው ወርዶ የእረፍት ሰዓቱን ዝምታ እንዲጨምር ይደረግ። «ገላጋይ» ጩኸት ሳይሰማ የሚደርስ ሰው ይሁን። የልጁን ደብተር የሚያርመው መምህር ከግሱ መድረሻ በፊት ዓረፍተ ነገሩ የሚለውን ያንብብ። ወላጅም ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ምን ተማርክ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ምሳህን ከማን ጋር በላህ?» የሚለውን ይጨምር። ይህን ለመጠየቅ መዝገበ ቃላት አያስፈልግም።